ጨፍኖ የተነሣው

በአፉላ ዳርቻ፣ ከጣውላ መጋዘን፣
የሌሊት ዘበኛ፤
አንድ ካሜራ አለ፣ አንድ የብረት ወንበር፣
እኔ ነኝ ሦስተኛ።

ያስተማረኝ የለም።
አናጢ ረስቶት የሄደው እርሳስ ነው፣
ጠፍጣፋ፣ ቀይ ቀለም፣ ጫፉን ጥርስ የበላው።
በደረሰኝ ጀርባ የአለቃዬን ፎቶ
እያየሁ ሞከርሁት፤
ጆሮው ከፊቱ ገዝፎ ወጣ።
ሲነጋ አፈርሁ፤ ግን አልቀደድሁትም።

ከዚያ ወዲህ ስንቱን!
ሙሽራውን፣ ወታደሩን፣ ባር ሚጽቫ የደረሰውን ልጅ፣
በአቧራ የደበዘዘ የአባትና የእናት ጉርድ።
ፎቶውን በማስመሪያ በካሬ እከፍላለሁ፣
ካሬውን በካሬ ወደ ነጩ እቀዳለሁ፤
ላጲስ ሲያልቅብኝም የሰንበት ዳቦ ልብ
አድቦልቡዬ አጠፋለሁ።
አፍንጫ መሥመር እንዳልሆነ፣ ጥላ ብቻ እንደሆነ
እስኪገባኝ ድረስ ሰባት ዓመት ፈጀ።
ጥርስም አይቈጠርም፤
የቈጠርሁለት አንድ ሙሽራ
ፈረስ ሆኖ ቀረ።

እማዋይሽ መጣች፣ ከጊቭዓት ሃሞሬ፤
ማክሰኞ ማታ ነው፣ ደረሰች ከበሬ።
ከብብቷ አወጣች፣ በመሐረብ ጥቅልል፣
ከአውራ ጣቴ ጥፍር ብዙም የማይተልቅ
የባሏን የፈንቴን፤
ብልጭታው ሲመጣ
ጨፍኖ የተነሣ።
«ሌላ የለም?» አልኋት።
«የለም። ካሜራ ይፈራ ነበር።
ይቺንም በግድ ነው፣ ለመታወቂያ ብለው፤
ዓይኑ አይታይም ብለው መልሰው ሰጡት።
አንተ ግለጥልኝ።»

ግለጥልኝ አለች፣ እንደ ድስት ክዳን፣
እንደ መስኮት ጨርቅ።

ዞሬ ጠየቅሁ እንግዲህ፣ ያወቁትን ሁሉ።
ወንድሙ፦ «ትልቅ ነው፣ ክብ፣ የወይፈን ዓይን።»
ብርቱካን አብሮት የለቀመው ጋሽ ቢተው፦
«ኧረ ጠባብ! ፀሐይ ያጠበበው።»
ቄሱ ዝም ብለው ቆይተው፦
«አላየሁትም። ቀና አይልም ነበር።»
እማዋይሽ ራሷ ስጠይቃት ተቈጣች፦
«ዓይን ነዋ! ሰው የሚያይበት!»

ሦስት ሌሊት ታገልሁ።
ክቡን ሣልሁት፣ ባዕድ ሰው አፈጠጠብኝ፤
ጠባቡን ሣልሁት፣ የተጣላኝ መሰለኝ፤
ፋቅሁ፣ ደግሜ ፋቅሁ፣
ወረቀቱ ከቅንድቡ ሥር ሳሳ፣
መብራት ላይ ሳነሣው ብርሃን ሊያሳልፍ ደረሰ።

ዓርብ ከቀትር በኋላ፣ ከአውቶቡስ ጣቢያው
ልጁ ወረደች፣ ወታደር፣ ቦርሳዋ ከሷ የከበደ፤
አባቷ ዓይናዲስ ያላት፣
መዋዕለ ሕፃናት ዔናት ያደረጋት።
«አባትሽን ፍለጋ ነው፣ አንዴ ቁሚልኝ» ብዬ
ስልኬን ደቀንሁባት።
ጨፈነች።
ደገምሁ። ጨፈነች።
ሳቀችብኝ፦ «አትልፋ፣ እንዲሁ ነኝ።
ለመታወቂያዬ ስምንቴ ነው ያነሡኝ፤
በስምንተኛው ፎቶ አንሺው ራሱ ተስፋ ቈረጠ።»

ያን ሌሊት መግለጡን ተውሁት።
የተኛ ሰው ሽፋሽፍት አንድ ነገር ነው፣
የሞተ ሰው ሌላ፤
ይኼ ግን የሚጠብቅ ነው፣
«አለቀ ወይ?» የሚል፤
ከዓይኑ ጅራት ሦስት ቀጭን እጥፋት፣
ከከንፈሩ ጥግ፣ በፎቶው የእድፍ ነጥብ መስላኝ የነበረች
ሊያመልጠው የደረሰ ሳቅ።
እርሳሱን ቀርጬ፣ ቀስ ብዬ፣ እሷን ብቻ አጠቈርሁ።

እማዋይሽ ተቀበለችኝ። በክንዷ ርዝመት ያዘችው።
«አልገለጥህም» አለች።
«አልገለጥሁም።»
መኪና እንጨት ጭኖ ወጣ፣ አቧራው ረጋ፣
እሷ እንደቆመች ነች።
ከዚያ ወረቀቱን ወደ ፊቷ አስጠግታ፣
እንደ ቤት ውስጥ ድምፅ፣ ጎረቤት እንዳይሰማ፦
«ፈንቴ፣ በል ግለጥ። አለቀ። ሰውዬው ሄዷል።»

እኔም ሳላስበው
እርሳሴን ከኋላዬ ደበቅሁ።